ደባል ቢሮ፦ በደረሰኝ የማይወራረድ ሥራ

ደባል የሚለው ቃል በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ታሪክ ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። አንድን ክፍል ለሁለት የተከራዩ፣ ወይም በአንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ በመጋረጃ ተከፍለው የሚያድሩ ሰዎች አንዱ ለሌላው ደባል ነው። ቃሉ ዝምድናን አያመለክትም፤ ወዳጅነትንም አያስገድድም። የሚናገረው ጣሪያንና ወጪን ስለመጋራት ብቻ ነው። በቦሌ፣ በሃያ ሁለትና በመገናኛ ዙሪያ ፎቆች ላይ የተከፈቱት የጋራ ቢሮዎች በማስታወቂያዎቻቸው ላይ ይህን ቃል አይጠቀሙበትም፤ «ትስስር»፣ «ፈጠራ»፣ «ማኅበረሰብ» የሚሉትን ይመርጣሉ። ይሁን እንጂ ወደ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ወራት ለተቀመጠ ሰው፣ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለነገሩ የሚቀርበው ደባልነት ነው። በደባልነት ውስጥ ማን የማንን ወጪ እንደሚሸከም በግልጽ አይነገርም፤ የሚታወቀው አንዱ ዕቃውን ሸክፎ ሲወጣ ነው።

የጋራ ቢሮን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሳን ፍራንሲስኮ ይጀምራሉ። ብራድ ኑበርግ የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2005 በራስ የመሥራትን ነፃነትና የቢሮን ባልንጀርነት አንድ ላይ ለማግኘት ሲል ጥቂት ጠረጴዛዎችን ዘርግቶ በሩን ለሌሎች ከፈተ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን በካናዳዋ ቶሮንቶ የማኅበራዊ ፈጠራ ማዕከል የሚባል ቤት ተከፍቶ ነበር፤ ዓላማውም ለየብቻቸው የስብሰባ አዳራሽና ማተሚያ መሣሪያ መያዝ የማይችሉ ትናንሽ የበጎ አድራጎት ተቋማትን በአንድ ጣሪያ ሥር ማሰባሰብ ነበር። በአዲስ አበባ አይስአዲስ በ2003 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕንፃ ተቋም ግቢ ሲጀመር መንፈሱ ከመጀመሪያው ይልቅ ወጣቶችንና ቴክኖሎጂን የሚመለከት ነበር። ያም ሆኖ ሐሳቡ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አይመስልም። በፍርድ ቤቶች አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች፣ ጀማሪ ጠበቆችና የጽሕፈት ሠራተኞች አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው የእርሱን ደንበኛ እያስተናገደ መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዘመን አልፏል። ልዩነቱ እነርሱ ለዚህ አኗኗር ስም አለማውጣታቸው ነው።

እዚህ የሚነገርለት ቢሮ በአንድ ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ላይ የሚገኝ፣ ሃያ አራት ጠረጴዛዎች ያሉት ክፍል ነው። በስተቀኝ ካለው ረድፍ ስድስቱን ጠረጴዛዎች በሴት ተማሪዎች ትምህርት ላይ የሚሠራ አንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት ተከራይቶ ነበር። ሁለቱን ደግሞ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር ይዟቸዋል። የተቀሩት በግላቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ተርጓሚ፣ የግራፊክስ ባለሙያ፣ ሁለት ፕሮግራመሮች፣ የቪዲዮ አቀናባሪና የመሳሰሉት። ከእነዚህ ውስጥ ገሚሱ የሚከፍሉት በወር ነው፤ ሌሎቹ በሳምንት፣ አንዳንዶቹም በቀን። ድርጅቶቹ ግን የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይከፍላሉ። ይህ ልዩነት ቀላል ይመስላል፤ የቢሮው ኑሮ ሁሉ የቆመው ግን በእርሱ ላይ ነው።

ሁለቱ ወገኖች በአንድ ክፍል ይቀመጡ እንጂ ሰዓትን የሚቈጥሩበት መንገድ የተለያየ ነው። በአፕዎርክ አማካይነት በሰዓት ሒሳብ የሚሠራው ፕሮግራመር ኮምፒዩተሩ ላይ የተጫነው መከታተያ በየዐሥር ደቂቃው ውስጥ አንድ ጊዜ የገጹን ምስል አንሥቶ ለአሠሪው ያስቀምጥለታል። መከታተያው መቼ እንደሚያነሣ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ከጎኑ ያለው ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀው መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ሰዓቱን ወደሚያቆመው ቁልፍ ነው። የድርጅቱ ሠራተኞች ደግሞ በወሩ መጨረሻ ታይምሺት ይሞላሉ፤ በየቀኑ ስንቱን ሰዓት ለየትኛው ፕሮጀክት እንዳዋሉ በግማሽ ሰዓት እየከፈሉ ለለጋሹ ያስረዳሉ። አንደኛው ሰዓቱን ይሸጣል፤ ሌላኛው ለሰዓቱ ይጠየቅበታል። በሁለቱም ቅጾች ላይ ለጎረቤት የዋለ ጊዜ የሚጻፍበት ረድፍ የለም።

የጎረቤት ሥራ ግን የቀኑን ብዙ ክፍል ይወስዳል። ተርጓሚዋ የድርጅቱን የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ እንግሊዝኛ ሁለት ምሽት አምሽታ አርማለች። የግራፊክስ ባለሙያው ለዓመታዊ ሪፖርቱ ሽፋን ሠርቷል። ማየት የተሳናቸው ማኅበር ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ፕሮግራመሩ ለአንድ የውጭ ደንበኛ የሠራውን ድረ ገጽ በማያ ገጽ አንባቢ ፈትሾ የትኛው ቁልፍ ስም እንደሌለው፣ የትኛው ቅጽ እንደሚያደናግር አንድ በአንድ ነግሮታል። ደንበኛው ለዚህ ፍተሻ ከፍሏል፤ ክፍያው የደረሰው ግን ፕሮግራመሩን ነው። ይህን የሰማች አንዲት ባልደረባ ነገሩን ብዝበዛ ብላዋለች፤ ጉዳይ አስፈጻሚው ራሱ ግን የማኅበሩን ኮምፒዩተሮች ማን በነፃ እንደሚጠግን ጠይቆ ዝም አሰኛት። መልሱ አጥጋቢ ይሁን አይሁን አከራካሪ ነው። ኮምፒዩተር መጠገንና አንድ ድረ ገጽ ለዓይነ ስውር የሚመች መሆኑን መፈተሽ በገበያ ላይ እኩል ዋጋ የላቸውም፤ ሁለተኛውን የሚችል ሰው በከተማው ውስጥ ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለውን ውለታ ከአበሻ ባህል ጋር አያይዞ፣ ደቦን፣ ዕድርንና የቡና ጎረቤትን ጠቅሶ ማለፍ ቀላል ነው። በከፊልም እውነት ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ «እንብላ» ሳይል የሚጎርስ ሰው የለም፤ በጾም ቀን የአንዱ ሽሮ የሁሉም ሽሮ ነው፤ ጀበናው ሲቀርብ የጆሮ ማዳመጫዎች ሁሉ ይወልቃሉ። ሆኖም ባህል ብቻውን ይህን ያህል ያልተከፈለ ሥራ አያብራራም። ተርጓሚዋ ከቢሮው ውጭ ላለ ማንም ሰው ያለ ክፍያ አንዲት ገጽ አትተረጉምም። ድርጅቱም ሊከፍላት አልፈለገም ማለት አይደለም። ለመክፈል ሞክሮ ነበር።

ሙከራው የከሸፈበትን መንገድ በዝርዝር ማየት ይገባል። ድርጅቱ ለአንድ የሥልጠና መመሪያ ትርጕም 15,000 ብር ነበረው። በግዢ መመሪያው መሠረት የንግድ ፈቃድ ካላቸው ሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ መሰብሰብ አለበት። ከጎን ጠረጴዛ የተቀመጠችው ተርጓሚ የንግድ ፈቃድም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም አልነበራትም። በወቅቱ ይሠራበት በነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት፣ ለአገልግሎት የሚከፍል ድርጅት በመደበኛው አሠራር 2 በመቶ ቀንሶ ለግብር ያስቀራል፤ አቅራቢው መለያ ቁጥር ካላቀረበ ግን የሚቀነሰው 30 በመቶ ነው። ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ቢሆን ኖሮ የሚቀርበት 300 ብር ነበር፤ ከእርሷ የሚቀነሰው 4,500 ብር ሆነ። ያውም ደረሰኝ መስጠት ስለማትችል፣ ኦዲተሩ ክፍያውን ላይቀበለው ይችላል።

የግራፊክስ ባለሙያው በከተማው ውስጥ የተለመደውን መላ አቀረበ፦ ፈቃድ ካለው ወዳጅ ደረሰኝ አፈላልጎ ማቅረብ። የድርጅቱ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት፣ በሙያው ሃያ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። መነጽሯን ሳታወልቅ ሰማችው።

«ልጄ፣ ያልሸጠ ሰው የቆረጠው ደረሰኝ ከሐሰት ደረሰኝ በምን ይለያል?» አለችው።

«እትዬ፣ ሁሉም የሚያደርገው እኮ ነው።»

«ሁሉም አይፈርምም። የምፈርመው እኔ ነኝ።»

መመሪያው በመጨረሻ ፈቃድ ላለው፣ ሥራውን ለማያውቀው ሌላ ተቋም ተሰጠ። ተተርጉሞ ሲመጣ ሴት ተማሪዎቹ ሊረዱት የማይችሉት ሆኖ ተገኘ። ተርጓሚዋ እንደገና አስተካከለችው፤ በነፃ። በዚያ ሰሞን ማንም ያላነሣው፣ ነገር ግን ሁሉም ያወቀው ነገር ቢኖር፣ ውለታ የምንለው ነገር ከሰው ደግነት ብቻ እንደማይፈልቅ ነው። ሕጉና የግዢ መመሪያው በሁለት ጠረጴዛዎች መካከል ገንዘብ እንዳያልፍ ሲከለክሉ፣ ሥራው በውለታ መልክ ያልፋል። ጥበበኛነቱ የሰዎቹ ነው፤ ኪሳራውም እንዲሁ።

በሌላ በኩል ድርጅቱም የራሱ ጠባብ በር አለው። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የነበረው አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ገደብ፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ወደ 20 በመቶ ዝቅ ብሏል። በአዲሱ አዋጅ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ከውጭ በሚገኝ ገንዘብ በመብት ጉዳዮች ላይ መሥራትን ይከለክል የነበረው የ10 በመቶ ገደብ ቀርቷል። የቢሮ ኪራይ፣ መብራት፣ ስልክና ኢንተርኔት ግን ከአስተዳደራዊ ወጪ የሚቈጠሩ ናቸው። ትልቅ በጀት ላለው ድርጅት 20 በመቶ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት ሠራተኛ ላለው ድርጅት ግን አንድ አፓርታማ ተከራይቶ ጥበቃ፣ ጽዳትና ጄኔሬተር መያዝ ማለት ከሕጉ ጋር መጋጨት ማለት ነው። ወደ ደባል ቢሮ የገፋው ይኸው ስሌት ነው እንጂ ስለ ትስስርና ፈጠራ የተሰበከው ስብከት አይደለም። ይህንንም የሒሳብ ሠራተኛዋ ለማንም አልደበቀችም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ወገን የመጣው ተገፍቶ ነው። በግላቸው የሚሠሩትን ያመጣቸው የመብራት መጥፋት፣ የቤት ጫጫታና «ሥራ የለውም እንዴ?» የሚለው የጎረቤት ዓይን ነው። ከቤቱ የማይወጣ ሰው ሥራ ፈት ይመስላል፤ ጠዋት ቦርሳ አንግቶ ታክሲ የሚሳፈር ሰው ግን ሠራተኛ ነው። ከፕሮግራመሮቹ አንዱ አሜሪካ ላሉ አሠሪዎች የሚሠራ በመሆኑ የሥራ ቀኑ የሚጀምረው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ቢሆንም በየማለዳው ይመጣል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ አባቱ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጠዋት የሚወጡ ሰው እንደነበሩ ብቻ መለሰ።

የክፍሉ የተሰወረ ሚዛን መጀመሪያ በግልጽ የታየው በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠና ለሦስት ሳምንታት ያህል ሳይመለስ ቆየ። ቀድሞውንም ወረርሽኙ ክፍሉን አሳስቶት ነበር። ፕሮግራመሮቹ ደንበኞቻቸውን ለማሳወቅ እንኳ ዕድል አላገኙም፤ አንደኛው ሁለት ዓመት የሠራለትን አሠሪ ያጣው በዚያን ጊዜ ነው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ያገኘው መልእክት በቍጣ ጀምሮ፣ ለደኅንነቱ ወደ መጨነቅ ተሻግሮ፣ በስንብት የሚያልቅ ነበር። የቢሮው ሥራ አስኪያጅ የዚያን ወር ኪራይ በግላቸው ከሚሠሩት ላይ አልጠየቀም። ሰው ሁሉ አመሰገነው። ምስጋናው ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ይህን ማድረግ የቻለው ድርጅቶቹ የስድስት ወር ኪራይ አስቀድመው ከፍለው ስለነበር ነው። ሩቅ አገር ያለ ለጋሽ ለሴት ተማሪዎች ትምህርት ከላከው ገንዘብ ላይ ጥቂቱ፣ ማንም ሳይወስነውና ማንም ሳይመዘግበው፣ የአንድ ፕሮግራመርን ወንበር ለአንድ ወር ይዞለት ቆየ።

ከአራት ዓመት በኋላ ሚዛኑ ወደ ሌላ ወገን አዘነበለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈላቸው፣ ያውም አብዛኞቹ በውጭ ባለ ዘመድ በኩል የሚቀበሉ፣ በአንድ ክረምት ገቢያቸው በብር ሲቈጠር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የድርጅቱ ሠራተኞች ደመወዝ ግን በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ በብር የተጻፈ ነበር። በምሳ ሰዓት «እንብላ» የሚለው ቃል አልቀረም፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ከውጭ ምግብ ማዘዝ ሲጀምሩ፣ ሌሎቹ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ወደ ደረጃው ዝቅ ማለት አመጡ። ጉርሻ ተቀብሎ መመለስ የማይችል ሰው ከገበታው መራቅ ይጀምራል። ይህን ሁኔታ ያስተዋለችው ቡና የምታፈላው ልጅ ነበረች፤ ቡናውን ከምሳ በፊት አድርጋ ሁሉም ገና ሳይበታተን ማቅረብ ጀመረች።

ከዚያ ጥር 2017 ዓ.ም. መጣ። በወሩ በ12ኛው ቀን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ልማት እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ፤ ከቀናት በኋላም ሥራ አቁሙ የሚሉ ደብዳቤዎች መድረስ ጀመሩ። ድርጅቱ ከዩኤስኤአይዲ በቀጥታ ገንዘብ የሚቀበል አልነበረም። ከአንድ ትልቅ ተቋም ሥር ንዑስ ተቀባይ ነበር፤ እንዲህ ያለው ተቋም ደብዳቤው የሚደርሰው በሁለተኛ እጅ ነው። ከስድስቱ ጠረጴዛዎች አራቱ በየካቲት ባዶ ሆኑ፤ አምስተኛው በመጋቢት። የቀረችው የሒሳብ ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች፤ ፕሮጀክት ሲዘጋ የመጨረሻውን ሒሳብ የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋልና። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት የሠራችው ያለ ደመወዝ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ደባልነት ትርጕሙን የገለጠው። ሥራ አስኪያጁ ኪራይ ጨመረ፤ ምርጫም አልነበረውም፤ የፎቁ ባለቤት የሚጠይቀው ገንዘብ አልቀነሰም። በሳምንት የሚከፍሉት ሦስት ሰዎች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የተረፉት በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ማን ምን ያህል ይከፍል እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ጻፉ። ድርጅቶቹ ከጠቅላላው ኪራይ ግማሽ የሚሆነውን ይሸፍኑ እንደነበር ሲታይ ክፍሉ ጸጥ አለ። ተርጓሚዋ «ለካ እንግሊዝኛቸውን በነፃ አላረምኩላቸውም» ብላ ሳቀች። ከሌሎቹ አንዳቸውም አልሳቁም።

ስሌቱ ግን ያን ያህል ትክክል አይደለም። የተከፈለው ኪራይ በደረሰኝ ስለሚታወቅ ይደመራል፤ የታረመው እንግሊዝኛ፣ የተጠገነው ኮምፒዩተርና የተፈተሸው ድረ ገጽ አይደመሩም። በእንዲህ ያለ ቢሮ ላይ ጥናት ለማድረግ የሚያስብ ተመራማሪም የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው፤ በመጠይቅ «በወር ምን ያህል ይከፍላሉ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ «ምን ያህል ተውለውልዎታል?» ለሚለው ግን ሰው በቁጥር አይመልስም፤ ቢጠየቅም ቅር ይለዋል። የሚመዘገበው አንድ ወገን ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ወገን ሁልጊዜ ባለ ዕዳ መስሎ ይታያል።

የሒሳብ ሠራተኛዋ የድርጅቱን መዝገብ ዘግታ ስትጨርስ ከቢሮው አልወጣችም። ከመስኮቱ አጠገብ ወዳለችው፣ በቀን ወደምትከራየው ጠረጴዛ ተዛወረች። ሥራቸውን የሚዘጉ ሌሎች ትናንሽ ማኅበራት የመጨረሻ ሒሳባቸውን እንድትሠራላቸው ይፈልጓታል፤ ሙያው በእጇ ነው፤ ሥራም አለ። አሁን ግን ፕሮፎርማ የምትጠየቀው እርሷ ሆነች። ፈቃድ ለማውጣት አድራሻ ያስፈልጋል፤ ለአድራሻ የኪራይ ውል ያስፈልጋል። የክፍሉ ውል ላይ ያለው ስም የሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው። የፎቁ ባለቤት በአንድ ክፍል ሃያ ሰው አድራሻ ቢያወጣ ነገ ግብሩ በእርሳቸው ላይ እንዳይዞር ይፈራሉ።

«እትዬ፣ እስከዚያው የእኔን ወዳጅ ደረሰኝ...» ብሎ ጀመረ የግራፊክስ ባለሙያው፤ ፊቷን አይቶ ሳይጨርሰው ተወው።

ተርጓሚዋ ለፎቁ ባለቤት ማመልከቻ ጻፈችላት፤ እርሷም አንብባ ሁለት ቦታ አረመችው። መልሱ እስካሁን አልመጣም። እስከዚያው ድረስ የሁለት ማኅበራትን መዝገብ ዘግታለች። አንደኛው ወደፊት ፈቃድ ስታወጣ ሊከፍላት ቃል ገብቷል። ሌላኛው ማየት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር ሲሆን፣ ለሥራዋ የሰጣት አስቀድሞ ከከፈለው ኪራይ ላይ የቀረውን የአንድ ጠረጴዛ የሦስት ወር ጊዜ ነው።